እሳት ለኳሹ ሰዓት

በብሪታንያ ቤቶች የጋዝ ቦይለርን በሰዓቱ የሚያበራውና የሚያጠፋው ታይመር የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት እሳት ማቀጣጠል የሰው ሥራ ነበር። በድንጋይ ከሰል ዘመን እናት፣ ባለጸጋ ቤት ከሆነ ደግሞ የቤት ሠራተኛ፣ ሌላው ሳይነቃ ተነሥታ የትናንቱን አመድ ትጠርጋለች፤ ወረቀትና ጭራሮ አንጥፋ፣ ከሰል ደርድራ ትለኩሳለች። ሙቀቱ ምድጃው ካለበት ክፍል ብዙም አያልፍም። ማታ ሰው ከሥራና ከትምህርት ቤት ሲመለስ እሳቱ እንደገና ይቆሰቆሳል። ቀኑን ለጠዋትና ለማታ እሳት የከፈለው ይህ ልማድ ነው ኋላ ወደ ታይመሩ የተሻገረው።

የከሰሉን ዘመን ያሳጠረው ጭሱ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለንደንን ለአምስት ቀናት የሸፈነው ጉምና ጭስ በጊዜው ግምት 4,000 ያህል ሰዎችን ገደለ፤ የኋላ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 ያደርሱታል። በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ የከተማ አስተዳደሮች ጭስ የሚከለከልባቸውን ሰፈሮች እንዲወስኑ ሥልጣን ሰጠ። በ1965 ደግሞ በሰሜን ባሕር ሥር የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። እስከዚያ በየቤቱ ይነድ የነበረው ጋዝ በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል የሚመረት ነበርና አዲሱ ጋዝ በአሮጌው ማንደጃ አይሠራም። ስለዚህ ከ1967 እስከ 1977 ባለሙያዎች በር ለበር እየዞሩ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጉ ዕቃዎችን ለውጠዋል። የጋዝ ቦይለር የተራ ቤት ዕቃ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ሰዓት ከጋዝ ጋር የተገናኘው ግን ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በመንገድ ላይ ነው። የጎዳና ፋኖስን አመሻሽ ላይ ባለ ዘንግ ሠራተኛ ይለኩስ ነበር። በባዝ ከተማ የሰዓት ሠሪው የጉስታቭ ሆርስትማን ልጆች በ1904 ያቋቋሙት ድርጅት ይህን ሥራ የሚተካ፣ የፋኖሱን ጋዝ በሰዓቱ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ ኋላም በማሞቂያ ታይመሮቹ ታወቀ። የክፍልን ሙቀት የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት የመጣው ከአሜሪካ ነው። በዊስኮንሲን መምህር የነበረው ዋረን ጆንሰን በ1883 የባለቤትነት መብት ያወጣበት መሣሪያ፣ የማሞቂያው ጠባቂ ሙቀቱን ለማየት ወደ ክፍል እየገባ ትምህርት እንዳያቋርጥ የታሰበ ነበር። ሰዓቱ «መቼ» የሚለውን፣ ቴርሞስታቱ «ምን ያህል» የሚለውን ይመልሳል።

የ1970ዎቹ ታይመር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ሣጥን ነው። ክብ ገጹ በ24 ሰዓት አንድ ዙር ይሞላል፤ ጠርዙ ላይ ሁለት የማብሪያና ሁለት የማጥፊያ ችካሎች አሉት። ለምሳሌ አንዱ ጥንድ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሌላው ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይይዛል። የማብሪያው ችካል ሲደርስ ማብሪያውን ይገፋል፤ የጋዙ ቫልቭ ይከፈታል፤ ቀን ከሌት የማትጠፋው ጧፍ የምታህል ነበልባል ማንደጃውን ታቀጣጥላለች፤ ፓምፑም የሞቀውን ውኃ ወደ ራዲያተሮቹ ይገፋል። እናት የምታነዳቸው ሁለቱ እሳቶች በችካል ተተኩ ማለት ነው።

ገጹን የሚያዞረው ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው በሴኮንድ 50 ጊዜ ከሚመላለሰው የኤሌክትሪክ መስመር ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱም ይቆማል። በ1972 በማዕድን ሠራተኞች አድማ ሳቢያ መብራት በፈረቃ ሲቋረጥ ይህ ጉድለት ይታይ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ከዋለ፣ ለንጋቱ 12 ሰዓት የታሰበው እሳት በማግስቱ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነዳል። በማርችና በኦክቶበር አገሩ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ሲያዛውርም ገጹን በእጅ ማስተካከል ግድ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማዕከላዊ ማሞቂያ የነበረው ከሦስት ቤት አንዱ ገደማ ሲሆን፣ በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ከአሥር ዘጠኙ ያህል ደርሷል። በ1970 ወደ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይገመት የነበረው የቤት ውስጥ አማካይ የክረምት ሙቀት ከ17 ዲግሪ አለፈ። ችካሉን ኤሌክትሮኒክ ታይመር ተካው፤ ለሥራ ቀንና ለሰንበት የተለያየ ሰዓት መሙላት ተቻለ፤ ከ2010ዎቹ ወዲህ ደግሞ ትእዛዙ ከስልክ ይላካል። አሁን ቦይለሩን እየተኩ ያሉት የሙቀት ፓምፖች ለዘብ ባለ ሙቀት ረጅም ሰዓት ቢሠሩ ይመረጣል፤ እነርሱ በገቡበት ቤት ከከሰል ምድጃ የተወረሰው የጠዋትና የማታ እሳት ሥርዓት ቦታውን እየለቀቀ ነው።