ዝሆኔና ቀይ አፈር

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚያልፈው መንገድ አብዛኛውን ቀይ አፈር ይዞ ነው የሚሄደው። ክረምት ሲገባ ጭቃው እግር ላይ ይለጠፋል፤ በጋ ሲሆን አቧራ ሆኖ ይነሣል። በዚያ አገር ገበያ የዋለ ሰው ዝሆኔ የያዘው እግር ማየቱ አይቀርም። እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ አይተነዋል፤ አይተንም ፊታችንን አዙረናል። ስለዚህ ፊታቸውን ሳያዞሩ ያንን እግር የመረመሩት ሰዎች ምን እንዳገኙ መጻፍ ዕዳ ሆኖብናል።

እግር አብጦ ሲደነድን ሐኪም ለረጅም ጊዜ ያስብ የነበረው ፊላሪያ ስለሚባለው፣ ትንኝ ስለሚያስተላልፈው ትል ነበር። ነገር ግን በደጋውና በወይና ደጋው ሕሙማን ደም ውስጥ ትሉ ቢፈለግ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1960 ኮኸን የተባለ ሐኪም የኢትዮጵያንና የኬንያን ዝሆኔ «ምክንያቱ ካልታወቀ» እብጠት መደበው። በ1969 ደግሞ ኦመን የተባለው ሐኪም ሌላ ዘዴ አሳተመ፦ ወደ ገበያ ሄዶ እግር መቁጠር! ከመቶው ገበያተኛ 2.7 ያህሉ ያበጠ እግር ነበረው። ዘዴው ቀላል ቢመስልም ብልሃት አለበት፤ ባላገሩ የሚሰበሰበው ገበያ ነዋ። የታሪክ ተማሪ ግን ምንጩን መጠርጠር ልማዱ ነውና አንድ ነገር እንላለን፦ ታሞ መራመድ ያቃተው፣ ወይም አፍሮ ቤቱ የቀረው በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

ነገሩን ከሥሩ የያዘው ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ሰውየው በሥጋ ደዌ ሕክምናም የሠራ ስለ ነበር እጁ እግር መዳሰስ የለመደ ነው፤ ይህ ሳይጠቅመው አልቀረም ብለን እናምናለን። በሽታው የሚገኝበትን ቦታ ከአፈሩ ጋር ቢያስተያየው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ቀይ አፈር ባለበት፣ ከፍ ባለና ዝናብ በሚበዛበት አገር ላይ ገጠመለት። በ1978 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ሰዎች የንፍፊት እጢ ውስጥ የአፈር ንጥረ ነገሮች መገኘታቸውን አሳየ። በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ በግሪክኛ እግርና አቧራ ማለት ነው። መጽሐፉ በ1990 ታተመ።

ዛሬም ቢሆን ይህን በሽታ ለብቻው ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። የሚታወቀው በዓይን፣ በእጅና በጥያቄ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እብጠቱ ከየት እንደ ተነሣ ነው። ዝሆኔ ከታች፣ ከመርገጫው ይጀምራል። ጣቶቹ መካከል ያሳክካል፣ እግሩ ያቃጥላል፤ ማታ ያበጠው ጠዋት ይጎድላል። እያደር ግን መጉደሉን ይተዋል። ቆዳው ይወፍራል፣ የድንጋይ ሽበት የመሰለ ሸካራ ነገር ያበቅላል፣ ጣቶቹ ይደርቃሉ። ወደ ላይ ቢወጣም አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አያልፍም፤ ሁለቱንም እግር ይይዛል እንጂ እኩል አያሳብጥም። የፊላሪያው እብጠት ግን ከላይ ሊነሣ፣ ብሽሽትንና የወንድን ቆለጥ ሊይዝ ይችላል። ሥጋ ደዌ ከሆነ እግሩ ይደነዝዛል፤ በጥጥ ጫፍ ቢነኩት አይሰማውም፣ የዝሆኔ እግር ግን ይሰማዋል። ከልብ ወይም ከኩላሊት የመጣ እብጠት ደግሞ እንደ ትንፋሽ ማጠር ወይም እንደ ፊት ማበጥ ያለ ሌላ ምልክት ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ፦ የት አደግህ? ጫማ መቼ ጀመርህ? ከቤተሰብ ሌላ የታመመ አለ?

ይህን መለየት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዝሆኔ ያለበት ሰው ፊላሪያ ነው ተብሎ የትል መድኃኒት ቢሰጠው እግሩ አይድንም። ሥጋ ደዌ ነው ተብሎ ቢጠረጠር ደግሞ ጎረቤት ይሸሸዋል፤ ዝሆኔ እኮ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

የመጨረሻዋ ጥያቄ በተለይ ታስጨንቃለች። «በዘራቸው ነው» የሚባል ነገር አለ፤ በዚህም ምክንያት ስንት ጋብቻ ፈርሷል! ሰዉ ያየውን ነገር አልተሳሳተም፤ በሽታው በእርግጥ በአንድ ቤት ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ተጋላጭነቱ በዘር የሚወረስ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል። ስሕተቱ የመጣው ከማጠቃለያው ላይ ነው። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም፤ እግሩ ከአፈሩ ካልተገናኘ አይታመምም። ልጅን መዳር ከመከልከል ጫማ መግዛት ይቀል ነበር።

በዚሁ በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደምበጫንና ደብረ ኤልያስን ቤት ለቤት ዞሮ፣ 15 ዓመት ከሞላው ሰው ከመቶው 3.3 በዝሆኔ መያዙን አገኘ። ከገበያው ቆጠራ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው! በ2018 ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ሙከራ ውጤት ወጣ። እግርን በሳሙናና በቀጠነ በረኪና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ ይኸው ነው ሕክምናው። አንድ ሰው በዓመት የሚነሣበት የሕመም ጊዜ ሕክምናውን ወዲያው ባላገኙት 23.9፣ ባገኙት ደግሞ 19.4 ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ሕመሙ ሲነሣ ላላየ ሰው ነው፤ ትኩሳት ይዞት፣ እግሩ ግሎና ቀልቶ፣ እርሻ ጥሎ ቀናት የሚተኛበት ጊዜ ነው።

ጫማ እንላለን እንጂ ያበጠ እግር ገበያ ላይ ከተደረደረው ኮንጎ ጫማ አይገባም። ለእሱ በልኩ የሚሰፋለት ሰው ያስፈልጋል፤ ለመስፋት ደግሞ ያንን እግር ይዞ መለካት ግድ ነው።