ደጃፉን ራሱ የከፈተ ሲኒማ

የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንቆጥረው ሽልማታቸውን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ፊልሞቻቸው ተመልካች ዘንድ የደረሱበት መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር የተወለዱት ኃይሌ፣ ከተውኔት ጋር የተዋወቁት ጸሐፌ ተውኔት በነበሩት አባታቸው በኩል ነው። በ1967 ትወና ሊማሩ ቺካጎ ሄዱ፤ ቆይተውም በሎስ አንጀለስ ፊልም አጠኑ። ዘውዱ ሊወድቅ በተቃረበበት በ1974 ክረምት አገራቸው ገብተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ቀረጹ። የጭሰኛውና የባለመሬቱ ሥርዓት ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸው ምስሉ ግን ቀረልን።

ስለ ባርነት የሚተርከው «ሳንኮፋ» በ1993 ሲወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት። ኃይሌና ባለቤታቸው ሽርክያና አይና እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይተው አሳዩት። ያየው ላላየው እየነገረ አዳራሹ ሞላ፤ ፊልሙም ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ።

በ2008 ደግሞ ተምሮ ወደ መንደሩ የተመለሰውን የአንበርብርን ሕይወት የሚያሳየው «ጤዛ» በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አገኘ። በ2009 የዋጋዱጉ ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማትም ተጨመረለት።

ለወጣት ባለሙያዎቻችን የምመኘው ግን ከዋንጫው በፊት ያንን የኪራይ አዳራሽ እንዲያስታውሱ ነው። ፊልም ሠርቶ መጨረስ የሥራው እኩሌታ ነው፤ የሚያሳየው ካጣ በቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋ ጥቅልል ሆኖ ይቀራል።