ሸንጎ ሲጠራ፦ ከቦሩ ሜዳ እስከ አበርገሌ

 

ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ተቀምጦ ወደ አንድ ሐሳብ የሚመጣው እንዴት ነው? ዛሬ ታሪክን የምንጠይቀው ይህንን ነው። ጥያቄውን ያስነሳን የአበርገሌ ጉዳይ ነው።

አበርገሌ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሲወረድ የሚገኝ ቆላ ነው። በዋግ ኽምራም በትግራይም በዚሁ ስም የሚጠራ አገር አለ። ኽምጥኛ፣ አማርኛና ትግርኛ ሲነገርበት የኖረ፣ ፍየሉም በስሙ የሚታወቅ ነው። ሰቆጣ ደግሞ ከአፋር በረሃ የሚመጣው የአሞሌ ጨው ገበያ ስለነበረች፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እዚያ ሲገበያዩ ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. የተነሳው ጦርነት ይህንን ሕዝብ ለሁለት ከፈለው፤ ከአበርገሌ የተፈናቀለውም ሰቆጣና አካባቢዋ ተጠለለ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የዚያን ጦርነት ውጊያ አስቆመ። ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚታረቀው ግን ፊት ለፊት ሲቀመጥ ነው። ታዲያ እንዴት ይቀመጥ?

መሰብሰብ ብቻውን እንደማይበቃ ወሎ ጠንቅቆ ያውቃል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ ከደሴ አለፍ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ በታላቅ ጉባኤ ተገናኙ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በገዛ ሃይማኖታቸው ጉዳይ ተከራከሩ፤ ተረታ የተባለው ወገንም ሐሳቡን እንዲተው ታዘዘ። ከዚያ ነገሩ ወደ ሙስሊሙ ዞረ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው እሳቸው ናቸው። ኢማም አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈርን የመሰሉ ዑለማዎች አንቀበልም ብለው ተነሱ፤ ለዓመታት ደም ፈሰሰ። ይህንን የምናነሳው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። የዛሬው ክርስቲያን ጎረቤታችን በዚያ የለበትም። የምናየው አሰባሰቡን ነው፤ ነገሩ ከሁሉ በላይ የሚነካው ሰው እንዲናገር አልተጠየቀም፣ መልሱም ከጥያቄው ቀድሞ ተቆርጧል።

ሌላው የአገራችን ሸንጎ አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ ያካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል። ወንጀለኛው ካልታወቀ ስብሰባው ይራዘማል፤ ጨርሶ ካልተገኘም አገሬው ጉዳቱን በጋራ ይከፍላል። ምስጢር ያወጣ ሰው በቀል እንዳያገኘው ስሙ ተሰውሮ «ወፍ» ይባላል። ለሌባ ይሆን ይሆናል። ለዕርቅ ግን አይበጅም፤ እርሻው እየታሰበው፣ ከብቱ ውሃ ሳይጠጣ የዋለበት ገበሬ ለመገላገል ሲል ብቻ እሺ ይላል።

እዚያው ወሎ ውስጥ ደግሞ አበጋር የሚባለው መንገድ አለ። አበጋሮቹ ሙስሊም ሽማግሌዎች ናቸው፤ ደም የተቃባው ክርስቲያንም ቢሆን በእነሱ ይዳኛል። ወታደር የላቸውም፣ እስር ቤት የላቸውም። ሁለቱ ወገኖች ከነዘመዶቻቸው ይቀመጣሉ፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ነገሩ በዱዓና በመሐላ ይዘጋል። በሥርዓቱ ውስጥ ዑለማዎቻችን የሚነቅፏቸው ልማዶች እንዳሉ እናውቃለን፤ ነቀፋቸውንም እንጋራለን። ሽማግሌው ከሁለት አንዱን ወገን ሆኖ አለመምጣቱ ግን ከሶሐቦች ታሪክ ጋር ይገጥማል።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በ23ኛው ዓመተ ሒጅራ በተወጉ ጊዜ፣ ከመሞታቸው በፊት የሚተካቸውን እንዲመርጡ ጉዳዩን ለስድስት ሶሐቦች ተዉት። ስድስቱም ለኸሊፋነት የሚበቁ ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ያደረጉትን እንመልከት። መጀመሪያ ራሳቸውን ከእጩነት አወጡ። ማጣራቱን ሌሎቹ የተዉላቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለራሱ የማይፈልግ ሰው ይታመናልና። ከዚያ ለሦስት ቀን እንቅልፍ አጥተው መዲናን ዞሩ። ኢብኑ ከሢር እንደዘገቡት ሴቶችን በመጋረጃቸው ጀርባ ሳይቀር ጠየቁ፤ የመድረሳ ልጆችን ጠየቁ፤ ከገጠር የመጣውን መንገደኛ ጠየቁ። መስጂድ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ለዑስማን (ረ.ዐ) በይዓ የተደረገው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሥራው የተሠራው ከስብሰባው በፊት ነበር ማለት ይቻላል።

በእኛ ዘመን ይህንኑ ሙያ አድርገው የያዙት አሉ። አሜሪካዊው ሀሪሰን ኦውን በ1985 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጀመረው ስብሰባ የተዘጋጀ አጀንዳ የለውም። ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ የሚያሳስበው ነገር ያለው ተነስቶ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ የፈለገ ይከተለዋል፤ የማይጠቅመውና የማይጠቅምበት ቦታ ላይ ያለ ሰው በእግሩ ተነስቶ ወደ ሌላው ክብ ይሄዳል። ኦውን ሐሳቡን ያገኘሁት ላይቤሪያ ውስጥ ባላማ በምትባል መንደር ካየሁት በዓል ነው ይል ነበር። የአፍሪካ መንደር ያስተማረውን ዛሬ የእኛ ልጆች በሥልጠና መልክ ከፈረንጅ ይማሩታል! ማርቪን ዌይስቦርድና ሳንድራ ጃኖፍ ደግሞ ከ60 እስከ 80 የሚሆኑ የጉዳዩ ባለቤቶችን ለሦስት ቀን ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ሁሉም ያለፈውን ታሪክ በረጅም ወረቀት ላይ በየራሱ እጅ ይጽፋል። የማይስማሙበት ነገር ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ የሚሠራው ሁሉም በተስማሙበት ላይ ነው።

ለአበርገሌ ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ወሰኑ የት ነው የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ከቀረበ ስብሰባው በጠዋቱ ይበተናል። ተመዝግቦ ይቆይ። ተፈናቃዩ ወደ እርሻው እንዲመለስ፣ ገበያው እንዲከፈት፣ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ያልፈነዳ ጥይት እንዳይረግጥ የማይፈልግ ወላጅ ግን በተከዜ በዚህም በዚያም አይገኝም።

የዐብዱረሕማንን ቦታ ማን ይያዝ? መሬቱንም ወንበሩንም የማይፈልግ ሰው። የዋግ ሙስሊም ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ምናልባት ይኸው ጥቂትነቱ ለማሸማገል ይረዳው ይሆናል። ማንም ጠራው ማን፣ ጠሪው ከጉባኤው ቀን በፊት መጠለያ ለመጠለያ መዞር አለበት። በሸራው ውስጥ ልጆቿን ይዛ የተቀመጠችው እናት ሜዳ ላይ ወጥታ ላትናገር ትችላለች፤ እዚያው ባለችበት ትጠየቅ።