የክታብ ሥዕላትና የማይነበቡት ምልክቶች

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው አገር እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር የሚሰፋና በአንገት የሚታሰር ረጅም ብራና ክታብ ይባላል። ደብተራው ብራናውን ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ያዘጋጃል፤ የባለቤቱን፣ ይበልጡንም የባለቤቲቱን የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ያስገባል፤ ጸሎቱም ዓይነ ጥላንና ሕፃናትን ይቀጥፋል የሚባለውን ሾተላይን ለማራቅ የታሰበ ነው።

ግእዝ አዋቂ ጸሎቱን ያለ ችግር ያነባል፤ የሚገታው አስማት በሚባሉት ስውር ስሞችና ጫፋቸው በትንንሽ ቀለበት በሚያልቅ፣ የግእዝም የዐረብም ባልሆኑ ምልክቶች ዘንድ ሲደርስ ነው። በየመካከሉም ስምንት ጫፍ ባለው ኮከብ መሐል የሚያፈጥ ፊት፣ ሰይፍ የመዘዙ መላእክትና በዓይን የተሞላ ሐረግ ይሣላል።

ስሞቹ ሁሉ ግን የተዘጉ አይደሉም። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ የተባሉት የአምስቱ የመስቀል ችንካሮች ስሞች መነሻቸው ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ የሚለው የላቲን ካሬ ሲሆን፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢነበብ አንድ የሚሆነው ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተገኝቷል። ባለ ቀለበቶቹ ምልክቶችም በግብፅ በግሪክኛ በተጻፉ የአስማት ፓፒረሶችና በዐረብኛ የጥበብ መጻሕፍት ውስጥ ዘመዶች አሏቸው።

ከእ.ኤ.አ. 1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ይህን ጥበብ አጥብቆ አሳደደ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው፣ በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥቱ ዙሪያ መተተኞችን በመፍራት ካህናት ሌሊትና ቀን መዝሙር እየደገሙ ጠበል ይረጩ ነበር፤ ክርስቲያኑም ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹም ሰይጣንን መካዱን እንዲጽፍ ታዘዘ። ንጉሡ መተትን የተዋጋው እርሱም በሰውነት ላይ በሚደረግ ጽሕፈት መሆኑ፣ ክታብ በዘመኑ ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ከማንኛውም ውግዘት ይልቅ ያሳያል።

ብራናው እ.ኤ.አ. ከ1404 እስከ 1438 ባለው ጊዜ መዘጋጀቱ በካርቦን ምርመራ የተረጋገጠውና ዛሬ በየል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የቮይኒች መጽሐፍ የዚሁ ዘመን ሥራ ነው ማለት ይቻላል፤ ተመራማሪዎችም ያልታወቀ ፊደሉን ለመፍታት አንድ ምዕተ ዓመት ደክመውበታል። የሸዋውን ክታብ በዚያው መንገድ እንደ ምስጢራዊ ደብዳቤ መፍታት ግን ስሕተት ነው። ክታብን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ፈረንሳዊው ዣክ መርሲየ እንዳስረዳው፣ ሥዕሉ የሚሠራው በመታየት ነው፤ በሽተኛው ሲያፈጥበት በውስጡ ያደረው መንፈስ በበሽተኛው ዓይን ያየዋል፣ አይቶም ይሸሻል። ምልክቶቹም በዚህ ረገድ ከሥዕሉ ወገን ናቸው፤ ድምፅ ባይኖራቸውም ሥራ አላቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የግእዝ ብራናዎችን እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም እጅግ ብዙ ክታቦች ወደ ውጭ አገር ቤተ መዛግብት ገብተዋል። በእነዚህ ላይ ተመራማሪዎች ለተሰወሩት ስሞች ይጨነቃሉ፤ በብዙዎቹ ክታቦች ላይ ግን የመጀመሪያዋ ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ተጽፎበታል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባውም ከፍቀቱ ሥር የቀረው የዚያች ሴት ስም ነው።