አውሮፕላንን ከአውሮፕላን ላይ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በቦሌ አራብሳ ቆሞ ወደ ሰማይ ለሚመለከት ሰው አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ከመሬት ሆነን የምናየው ሆዱን ነው። መልኩን ከበታቹ ካለው አገር ጋራ ለማየት በሌላ አውሮፕላን ወጥቶ ጐን ለጐን መብረር ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ሁለቱ አብራሪዎች ከመነሣታቸው አስቀድሞ በፍጥነቱ፣ በከፍታውና በፀሐዩ አቅጣጫ ይስማማሉ። ፎቶግራፍ አንሺውም የካሜራውን መዝጊያ እጅግ ያፈጠነ እንደ ሆነ የአሮጌው አውሮፕላን ፕሮፔለር የቆመ መስሎ ይታያል፤ ያዘገየ እንደ ሆነ ደግሞ መዞሩ ይታወቃል፣ ነገር ግን እጁ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ሥዕሉ ይደበዝዛል።

በአገራችን እንዲህ ያለ ሥዕል የሚገባቸው የጦር አውሮፕላኖች ነበሩ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለችውን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ አሳረፈ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ሳፊር የተባለችውን ትንሽ ማሠልጠኛ ከስቶክሆልም አስነሥቶ፣ በመንገድ ሳያርፍ 6,220 ኪሎ ሜትር በ31 ሰዓት ያህል በርሮ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም ቢሾፍቱ ለሚገኘው አየር ኃይል ሳዓብ 17 የተባሉት ቦምብ ጣዮች ከስዊድን፣ ፋየርፍላይ የተባሉትም ከካናዳ መጡ። ሳዓብ 17 ሁለት ሰው የሚይዝ ስለ ነበረ፣ አንዱ ሲያበርር ሌላው በጐን የሚበረውን ባልደረባውን ማየት ይችል ነበር።

እነዚህ ሁሉ ከአገልግሎት ወጥተዋል። ከፋየርፍላዮቹም ወደ ካናዳ ተመልሰው በቤተ መዘክር የሚጠበቁ አሉ። የጦር አውሮፕላን ያልነበረችው ፀሐይ እንኳ፣ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰማይ ከበረረች በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ፣ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። አካሏ ተመልሷል፤ በረራዋ ግን አይመለስም። ያለፈውን በረራ ለዓይን የሚያሳየን በጊዜው የተነሣው ሥዕል ነው።

ስለዚህ አንባቢያችን ሆይ፣ በቤትዎ ሣጥን የአባት ወይም የአጐት የበረራ ፎቶግራፍ ቢገኝ፣ የሚያውቁት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በጀርባው ይጻፉበት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ግን የሚይዘው የለውም።