ከሐይቅ ዳር የሚላክ አበባ፤ ስለ አልስሜር ታሪክ

ሰው ለሰው ስጦታ በሚሰጥበት ጊዜ ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንደኛው በእጅ የሚያዘው ዕቃ ሲሆን፥ ሁለተኛው በዓይን የማይታየው በጎ ፈቃዱ ነው። ዕቃው ያልቃል ወይም ይሰበራል፤ ፈቃዱ ግን በተቀባዩ ልብ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን በመሥሪያ ቤታችን የሆነ አንድ ትንሽ ጉዳይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በመዝገብ ቤት አብረውን ይሠሩ የነበሩ አንዲት ባልደረባችን ጽኑ ሕመም አግኝቷቸው ከቤት ዋሉ። እንደ ልማዳችን መዋጮ አዋጥተን ልንጠይቃቸው በተሰናዳን ጊዜ፥ ምን ይዘን እንሂድ በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ብርቱካንና ማር ይሻላል አልን፤ ሌሎቻችን አበባ ይሁን አልን። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ አባት ግን፥ «ልጆቼ፥ አበባ መላክ የፈረንጅ ወግ ነው፤ ለታመመ ሰው የሚቀመስ እንጂ የሚታይ ነገር ምን ያደርግለታል?» ሲሉ ገሠጹን። በመጨረሻ ሁሉንም አደረግነው፤ ብርቱካኑንና ማሩን ገዝተን፥ በሸክላ የተተከለ አንድ ጄራኒየም ጨመርንበት። እትዬ እያልን የምንጠራቸው ያችው ባልደረባችን ብርቱካኑን ለልጆቻቸው አደሉ፤ ሸክላውን ግን «ከመስኮቱ ላይ፥ ከማየው ቦታ አኑሩልኝ» አሉን።

የአባታችን ተግሣጽ ግን ከልባችን አልወጣም። በእውነት አበባ መስጠት የፈረንጅ ወግ ነውን? ነገሩን ስንመረምረው እንዲህ ሆኖ አላገኘነውም። ዘመን ሲለወጥ በእንቁጣጣሽ ዕለት ልጃገረዶች እንግጫና አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ፥ ወንዶች ልጆችም አበባ በወረቀት ሥለው ለጎረቤት ሲሰጡ ያላየ ማነው? በቢሾፍቱ በሆራ ሐይቅ ዳር በእሬቻ በዓል እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃው የሚወርደው ሕዝብስ ለፈጣሪው ምስጋና የሚያቀርበው በምንድን ነው? ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ እንኳ ከረግረግና ከውኃ ዳር ታጭዶ የመጣ የእንግዳ ክብር ነው። እንግዲህ አበባ መስጠት የእኛም ነው። አበባን በገንዘብ ገዝቶ በሩቅ አገር ላለ ሰው መላክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የራሱ ታሪክ አለው። የዚህም ታሪክ ትልቁ ክፍል የሚገኘው በሆላንድ አገር፥ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማይቱ አልስሜር ትባላለች። ከአምስተርዳም በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ ቬስታይንደር ከሚባለው ሐይቅ ዳር ትገኛለች፤ ዛሬ የታላቂቱ ከተማ ዳርቻ ለመሆን ምንም ያህል አልቀራትም። የአገሩ መሬት ዝቅተኛና ረግረግ ነው፤ አፈሩም ደርቆ ሲቆረጥ እንደ ማገዶ ይነዳል። የቀድሞ ነዋሪዎች ይህን አፈር እየቆፈሩ ለከተማ ሰው ማገዶ አድርገው ሸጡት። የተቆፈረውም ቦታ ውኃ እየሞላበት ሐይቁ ሰፋ፤ ማዕበልም ዳርቻውን እየገመሰ መሬቱን በላው። ሰዎቹ የዕለት እንጀራቸውን ሲያገኙ የልጆቻቸውን ርስት ለውኃ ሰጡ ማለት ይቻላል።

በአጠገባቸው የነበረው የሐርለመርሜር ሐይቅ ከዚህ ይልቅ አስፈሪ ነበረ፤ ሆላንዶችም መሬት ስለሚበላባቸው የውኃ ተኩላ ይሉት ነበር። በ1836 መጨረሻ በተነሡት ሁለት ብርቱ ማዕበሎች ውኃው እስከ አምስተርዳምና እስከ ሌይደን ከተማ ደጃፍ ደረሰ። መንግሥትም ሐይቁን ለማድረቅ ቆረጠ። ዙሪያውን ቦይና ግድብ ከተሠራ በኋላ፥ ሦስት ታላላቅ የእንፋሎት መሣሪያዎች ውኃውን እየቀዱ በ1852 ሐይቁ ደረቀ፤ 18,000 ሄክታር የሚያህል መሬትም ተገኘ። ከዚህ ከደረቀው የሐይቅ ወለል ላይ በ1916 የአውሮፕላን ሜዳ ተሠራ፤ ይኸውም ዛሬ በዓለም የታወቀው የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አንባቢ ይህን ነገር እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የቬስታይንደር ሐይቅ ግን አልደረቀም። ለአልስሜር ሰዎች የቀረላቸው በውኃ መካከል እንደ መቀነት የተዘረጋ ጠባብ ጠባብ መሬት ነበር። እንዲህ ያለው መሬት ለስንዴ አይበቃም። ስለዚህ ነዋሪዎቹ ከትንሽ ቦታ ብዙ ዋጋ የሚያወጣ ነገር መፈለግ ግድ ሆነባቸው። አስቀድመው የዛፍ ችግኝ አፈሉ፤ ቁጥቋጦንም በመቀስ እየከረከሙ የወፍና የልዩ ልዩ ነገር ቅርጽ አወጡበት። ቀጥሎም እንጆሪ ተከሉ፤ የአልስሜርም እንጆሪ በአምስተርዳም ገበያ ስሙ የተጠራ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን እንጆሪው እየቀነሰ ሄደ፤ በመስተዋት ቤት ውስጥ ጽጌረዳና በሸክላ የሚተከል አበባ ማሳደግ ተጀመረ።

የሥራውን ድካም ለመረዳት የሊላክን ነገር ማየት ይበቃል። ሊላክ ነጭና ወይን ጠጅ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ሲሆን፥ የአልስሜር ሰዎች በሐይቁ ውስጥ በሚገኙት ትናንሽ ደሴቶች ላይ ያበቅሉታል። ደሴቶቹ እንዳይሰጥሙና አፈራቸው እንዳይሳሳ ከሐይቁ ወለል ጭቃ እየዛቁ ያለብሷቸዋል። በመከር ወራት ቁጥቋጦውን ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቅለው በጠፍጣፋ ጀልባ ጭነው ወደ መስተዋት ቤት ያመጡታል፤ በዚያም ሙቀት ሲሰጡት፥ በውጭ በረዶ እየወረደ እርሱ ያብባል። አበባው ከተቆረጠ በኋላ እንደገና ወደ ደሴቱ ተመልሶ ያርፋል። አባቶቻቸው አፈሩን ለማገዶ ለውኃ የሰጡት ልጆች፥ ከውኃው ሥር ጭቃ እየለቀሙ መሬቱን መልሰው ሠሩት።

አበባ ማሳደግ አንድ ነገር ነው፤ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። አበባ እንደ እህል በጎተራ አይቆይም፤ ዛሬ ካልተሸጠ ነገ ይጣላል። ነጋዴም ይህን ስለሚያውቅ ገበሬውን በዋጋ ያስጨንቀዋል። ብቻውን የቆመ አትክልተኛ አቅም አልነበረውም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ በታኅሣሥ ወር 1911 በምሥራቅ አልስሜር የሚኖሩ አትክልተኞች በአንድ ቡና ቤት ተሰብስበው የራሳቸውን የሐራጅ ማኅበር አቆሙ፤ ስሙንም ብሉመንሉስት አሉት። ወዲያው በጥር 1912 በከተማው መካከል ያሉት ደግሞ ሌላ ማኅበር አቋቋሙ።

የሐራጃቸውም ሥርዓት ከእኛ የተለየ ነው። በእኛ አገር ሐራጅ ዋጋው ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ልማድ በ1887 ብሩክ ኦፕ ላንገዳይክ በሚባል መንደር በአትክልት ንግድ የተጀመረ ነው። በኋላ ሰዓት መሰል ትልቅ መሣሪያ በግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ዘንጉ ከከፍተኛው ዋጋ ወደ ዝቅተኛው ሲዞር ገዢዎች ከየወንበራቸው ሆነው ይጠባበቃሉ፤ ቁልፉን አስቀድሞ የተጫነ ያንን ጭነት ይገዛል። የቸኮለ ይወደድበታል፤ የዘገየም ባዶ እጁን ይመለሳል። ክርክርና ልመና ስለሌለ አንድ ጭነት በጥቂት ሴኮንድ ይሸጣል፤ ለአበባም ይህ ፍጥነት ሕይወቱ ነው።

ሁለቱ ማኅበሮች በአንዲት ትንሽ ከተማ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲፎካከሩ ከኖሩ በኋላ፥ መለያየት እንደማይጠቅማቸው አውቀው በ1968 አንድ ሆኑ። በ1972 የከፈቱት አዳራሽ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ከ500 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ሆነ፤ በዓለም ካሉት ታላላቅ ሕንፃዎችም ጋራ ተቆጠረ። በ2008 ከሌላው የአገሪቱ የአበባ ሐራጅ ማኅበር ጋራ ተዋሐደ። ዛሬ ገዢዎቹ አብዛኛዎቹ በአዳራሹ አይቀመጡም፤ ከየቤታቸው በኮምፒዩተር ይገዛሉ። ማኅበሩ ግን እስከ አሁን የአትክልተኞቹ የራሳቸው ንብረት ነው።

አሁን ወደ መላኩ ነገር እንምጣ። ቀድሞ በሌላ ከተማ ላለ ወዳጅ አበባ መላክ የወደደ ሰው በሣጥን አሽጎ በባቡር ይልከው ነበር፤ አበባውም ጠውልጎ ይደርስ ነበር። በ1908 ማክስ ሁብነር የተባለ የበርሊን አበባ ሻጭ አንድ ዘዴ አሰበ፤ ይኸውም አበባውን ትቶ ትእዛዙን መላክ ነው። የበርሊኑ ሻጭ ገንዘቡን ተቀብሎ በሌላው ከተማ ላለው ባልደረባው መልእክት ይሰዳል፤ ያኛውም ከገዛ ሱቁ ትኩስ አበባ አንሥቶ ለተቀባዩ ያደርሳል። በ1910 በአሜሪካ አበባ ሻጮች በቴሌግራም ይህንኑ ለማድረግ ተስማሙ። በ1946 ልዩ ልዩ አገሮች ያሏቸው ማኅበሮች ተባብረው ኢንተርፍሎራ የተባለውን ዓለም አቀፍ ድርጅት መሠረቱ። እንግዲህ ልብ ብለን ስናየው ባሕር ተሻግሮ የሚሄደው ቃል ነው። አበባው ለቃሉ ምስክር ሊሆን ከተቀባዩ ጎረቤት ይነሣል።

ሆላንዶች በልደት ቀን ለጥየቃ ሲሄዱ፥ አዲስ ቤት ለገባ ሰው ደስታ ሲገልጹ፥ ለታመመም ሲያዝኑ አበባ ይይዛሉ። የተቆረጠው አበባ ለዕለቱ ደስታ ሲሆን፥ በሸክላ የተተከለው ግን ውኃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል፤ ሰጪው ከሄደ በኋላም ተቀባዩን ሥራ ያስይዘዋል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የእነርሱ ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከ1973 ወዲህ የነዳጅ ዋጋ በመናሩ የመስተዋት ቤትን በክረምት ማሞቅ እየከበደ ሄደ፤ የጽጌረዳም ልማት ፀሐይ ወደማይጠፋበት ወደ ኬንያና ወደ አገራችን ዞረ። ከ2005 ጀምሮ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ሰፋፊ የጽጌረዳ እርሻዎች ተቋቁመዋል፤ ኢትዮጵያም ከአፍሪካ በአበባ ንግድ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ለመሆን በቃች። ማለዳ በሠራተኞች እጅ የተቆረጠው ጽጌረዳ በቀዝቃዛ መኪና ወደ ቦሌ ይመጣል፤ ከዚያም በአውሮፕላን አንዳንዱ በቤልጅግ፥ አንዳንዱም በስኪፖል ያርፋል። ከአንዱ ሐይቅ ዳር የተነሣው አበባ በሌላው ሐይቅ ወለል ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ሊቀበሉት የሚገባቸው የአልስሜር መስተዋት ቤቶች ግን ብዙዎቹ ፈርሰዋል።

በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሱቆችን ባዘጋ ጊዜ በአልስሜር ተራራ የሚያህል አበባ ገዢ አጥቶ ተጣለ፤ በአገራችን እርሻዎችም አበባው እየተቆረጠ ተደፋ። በአንድ አገር ስጦታ መስጠት ሲቋረጥ በሌላው አገር የሠራተኛ መሶብ እንደሚጎድል ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

የዝዋይም ሐይቅ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም አማካይ ጥልቀቱ ከ3 ሜትር አይበልጥም። ከመቂና ከቀታር ወንዞች የሚቀበለውን ውኃ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ሐይቅ ያወርዳል፤ አብያታም ከቀድሞው እጅግ መሸሹ የታወቀ ነው። ከውኃው የሚጠቀሙት አበባ አልሚዎች ብቻ አይደሉም፤ አትክልት የሚያመርተው ገበሬ፥ ዓሣ አጥማጁና ከተማውም ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱን በአንዱ ላይ መጫን ትክክል አይደለም። ሁላችንም ግን የአልስሜርን የጥንት ሰዎች ማስታወስ አለብን፤ ለዛሬ ገንዘብ ሲሉ የነገን ርስት እንዴት እንደ ሸጡ፥ በኋላም ጭቃ በመዛቅና በማኅበር በመተባበር እንዴት እንደ መለሱት።

ባልደረባችን ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ፤ ነፍስ ይማር። ለሠልስት በሄድን ጊዜ ያ ሸክላ ከመስኮቱ ላይ እንዳለ አገኘነው፤ ልጆቻቸው ውኃ ሳያቋርጡ ያጠጡት ኖሯል። አበባ የፈረንጅ ወግ ነው ብለው የገሠጹን አባት ጥቂት ዝም ብለው ከተመለከቱት በኋላ፥ «ልጄ፥ ከዚህ አንድ ቅርንጫፍ ብትሰጭኝ» ሲሉ ታላቂቱን ልጅ ጠየቋት። ዛሬ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ በአሮጌ ጣሳ ውስጥ የሚታየው ጄራኒየም ያ ነው፤ ጠዋት ጠዋትም እርሳቸው ያጠጡታል።