ክሳት የቤት ነውር በነበረበት ደሴት

የገላ ቅርጽን ውበት የሚፈርደው ዓይን ብቻ ይመስላል። የፊጂ ታሪክ ግን ዓይን የሚፈርደው ኅብረተሰቡ ያስተማረውን አንብቦ መሆኑን ያሳያል። በዚህች የደቡብ ፓስፊክ ደሴታማ አገር ሞላ ያለ ገላና ጠንካራ ባት ለሴትም ለወንድም ምስጋና ነበር። ይህም ጥጋብን ከመውደድ ብቻ የመጣ አይደለም። መንደርተኛው ማዕድ ላይ ሲቀመጥ በደጅ የሚያልፈውን ሁሉ «ማይ ካና» ብሎ ይጠራል፤ ልክ እንደኛ «እንብላ»። ምግብ ያስጠላው፣ የከሳ ሰው «ማዛኬ» የሚባል ሕመም ይዞታል ተብሎ የቅጠል መድኃኒት ይጠጣል። ክሳት ከከሳው ሰው ይልቅ የሚያሳፍረው ያልተንከባከበውን ቤት ነበር። ገላ የባለቤቱ የእጅ ሥራ ሳይሆን የዘመድ እንክብካቤ የሚነበብበት መዝገብ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ቴሌቪዥን ናድሮጋ ወደሚባለው አውራጃ ገባ። አንትሮፖሎጂስትና የአእምሮ ሐኪም የሆኑት አን ቤከር በዚያው ዓመት 63፣ በ1998 ደግሞ 65 ተማሪ ልጃገረዶችን መረመሩ። የአመጋገብ መዛባት ምልክት የታየባቸው ከ12.7 ወደ 29.2 በመቶ አደጉ፤ ክብደት ለመቀነስ ብለው የሚያስመልሱት ደግሞ ከዜሮ ወደ 11.3 በመቶ። ከአኃዙ ይበልጥ የሚያስተምረው የልጆቹ ምክንያት ነው። በቴሌቪዥን እንደሚያዩአቸው ተዋናዮች መቅጠን ሥራ ለማግኘት ይረዳል ብለው ያስቡ ነበር። ቤተሰብ የሚመግበው ገላ ልጅቷ ራሷ የምትቀርጸው፣ ለቀጣሪ የምታቀርበው ማስረጃ ሆነ።

የተጠየቁት ጥቂት ናቸው፣ በሁለቱ ዓመታትም የተለያዩ ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ቴሌቪዥንን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ልክ ነው፤ ግን ክርክሩን አያፈርሰውም። ልጆቹ ቅጥነትን ከደመወዝ ጋር ማያያዛቸው የተለወጠው ኑሮው ጭምር መሆኑን፣ ቴሌቪዥኑም ለዚያ ኑሮ መልክ እንደሰጠው ይጠቁማል። ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን የውበት ምርጫ ከተፈጥሮ የመጣ ነው የሚለው ነው። ተመራማሪው ዴቬንድራ ሲንግ በ1993 ወንዶች የሚመርጡት ወገቧ የዳሌዋን 0.7 ያህል የሆነችውን ሴት መሆኑን ጽፈው ነበር፤ ይህም የጤናና የመውለድ ምልክት ነው ተባለ። ነገር ግን በ1998 «ኔቸር» ላይ የወጣ ጥናት ከዓለም ርቀው የሚኖሩ የፔሩ ማትሲጌንካ ሕዝብ ወንዶች ወገበ ሰፊዋን ይበልጥ ቆንጆም ጤነኛም እንዳሏት፣ ከውጭው ዓለም ጋር የተቀራረቡት ወገኖቻቸው ምርጫ ግን ወደ ምዕራባውያን ወንዶች ምርጫ እንዳዘነበለ አሳየ። ጤናን መፈለግ የተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ጤና ምን እንደሚመስል ግን ሰው ከጎረቤቱ ይማረዋል። በናድሮጋም ሳህኑን የምታቀርበው እናትና ወደ ጎን የምትገፋው ልጅ የሚያዩት አንድ ገላ ነው፤ የሚለያያቸው ስለዚያ ገላ የሚጠየቀው ማን ነው የሚለው ነው።